ቆላ የወረደ ትንፋሽ

«እህቴን! እህቴን!» እያለች ነበር ሲቲ ደረቷን እየመታች የገባችው። ፍቅርተማርያምን ያንገበገባትም ይኸው ነው። የማን እህት?

አንኮበር፣ ጎረቤላ፣ በማኅደረማርያም ቤት፣ ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ማኅደረ ባልም ልጅም አልነበራትም። እናትና አባቷ ከሞቱ ዘመን አልፏል። በዚህ ዓለም ላይ የቀረቻት የሥጋ ዘመድ ታናሽ እህቷ ፍቅርተ ብቻ ናት። ስለዚህ ፍቅርተ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፍራሹ ላይ ዋናውን ቦታ ይዛ ተቀምጣለች። ከትናንት ጀምሮ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ እሷ ፊት ነው የሚያለቅሰው፤ «እግዜር ያጽናሽ» የሚለውም እሷን ነው። እስካሁን ይህን ቦታ የተጋፋት አልነበረም።

አሁን ግን ሲቲ ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ አሥር ሴቶች አስከትላ መጣች። አስከሬኑ ከእሷ ቤት ወደ ላይ ሲመጣ ልጆቿን ልካ እሷ ቀርታ ነበር፤ ለካ እዚያም ቆላ፣ በሲቲ ቤት፣ ሰው ለቅሶ ሊደርሳት እየጎረፈ ኖሯል። ይህን ስትሰማ ፍቅርተ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ለእሷ እህት ሌላ ቦታ፣ እሷ በሌለችበት፣ ሌላ ለቅሶ ተቀምጠው!

ሴቶቹ ከበሩ ጀምረው አለቀሱ፤ ቤት ውስጥ የነበሩትም ተነሡና ለቅሶው እንደገና ቀለጠ። ሲቲ ፍቅርተ አንገት ላይ ተጠምጥማ «ትታን ሄደች! አንቺንም እኔንም ትታን ሄደች!» አለች። ፍቅርተ እንደ እንጨት ደርቃ ቆመች። «አንቺንም እኔንም» ምን ማለት ነው? ማን ነው ሁለቱን አንድ ላይ የደመራቸው?

ለቅሶው ሲበርድ እትዬ አስካለማርያም፣ የሟች የግድግዳ ጎረቤት፣ ሲቲን እጇን ይዘው ወደ ፍራሹ አመጧት። «እዚህ ተቀመጪ። ስምንት ወር ሙሉ ያስታመምሽ፣ አንቺም ሐዘንተኛ ነሽ» አሏት። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው ያሉት፤ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለቀስተኛ ግራ ይጋባ ጀመር። አንዳንዱ ፍቅርተን ሳም አድርጎ ወደ ሲቲ ያልፋል። አንዳንዱ፣ በተለይ የገበያው ሰው፣ ቀጥ ብሎ ሲቲ ላይ ይወድቃል። ሰው እህቱን ቀብሮ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ይቀናል ወይ? ፍቅርተ ቀናች። ማን ለማን መጀመሪያ እንዳለቀሰ እየተከታተለች፣ የራሷን እንባ መጥረግ እስክትረሳ ድረስ ቀናች።

የባሰው ደግሞ ከኋላዋ የሚንሾካሾኩት ሁለት ሴቶች ነገር ነው።

«እህቷ ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ይዛ እያለች፣ ቆላ ወርዳ ባዕድ ቤት መሞቷ ምን ቢሆን ነው?»

«ምን ይሆናል፣ ያስከፋቻት ነገር ቢኖር ነዋ! አለዚያማ…»

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

ሰምታለች። ሰዎቹ ዛሬ የሚጠይቁትን እሷ ስምንት ወር ሙሉ ስትጠይቀው ኖራለች። እታለም ምን ሆና ነው እኔን ትታ ሲቲን የመረጠች?

«እታለም» የምትላት ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ነው። እናታቸው ስትሞት ማኅደረ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ተጠይቃ ሁለቱንም ጊዜ «ልጅ አለችኝ» ብላ መለሰች። ልጅቷን የምታሳድግበት ሌላ ነገር ስላልነበራት አረቄ ማውጣት ያዘች። ጓሮ ባለችው ጠባብ ማድ ቤት ድፍድፉን በትልቅ እንስራ እሳት ላይ ትጥዳለች፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተዘፈዘፈው ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። እሳቱ ከበረታ አረቄው ያርራል፣ ከደከመ አይወርድም። ስለዚህ አረቄ የምታወጣ ሴት ከእሳቱ ራስ አትነሣም፤ ቀኑን ሙሉ እፍ እያለች፣ እንጨቱን እየገፋች እያወጣች ትውላለች። ማድ ቤቷ መስኮት አልነበራትም። ነፋስ እሳቱን እንዳይረብሸው፣ የአንኮበር ብርድም እንዳይገባ፣ ቀዳዳው ሁሉ በጭቃ ተመርጓል።

ፍቅርተ የቤት ሥራዋን የምትሠራው የዚያች ማድ ቤት ደፍ ላይ ተቀምጣ ነው። እህቷ አትታይም፤ ጭስ ናት። ከጭሱ ውስጥ ድምፅ ብቻ ይመጣል፦ «አንብቢልኝ፣ ጮክ በይ! እሺ፣ ከዚያስ?» ፍቅርተ ታነባለች፣ ጭሱ ይስላል፣ ደግሞ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። እንዲህ እያነበበች ነው መምህርት የሆነችው።

ሲቲ የመጣችው ፍቅርተ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው። በገበያ ቀን ከአልዩ አምባ ሽንኩርትና ሎሚ በአህያ ጭና ዳገቱን ትወጣና ከገበያ መልስ አህዮቿን በእነማኅደረ ግቢ ታሳርፋለች። ሙስሊም ናት፤ አረቄ የሚወጣበት ማድ ቤት ደጃፍ እንኳ አትደርስም። ግቢው ጥግ፣ ቅንጭቡ ስር ትቀመጥና «ማኅደር! ነይ ውጪ እንጂ፣ አየር ቅመሺ!» ትላለች። ማኅደረም እሳቱን ትታ ትወጣለች። ለፍቅርተ ከእሳቱ ራስ ተነሥታ የማታውቅ ሴት ለሲቲ ተነሣች! ሁለቱ ቅንጭቡ ስር ተቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ፍቅርተ ደፉ ላይ መጽሐፏን ይዛ ታያቸዋለች። «አንብቢልኝ» የሚላት የለም። በገበያ ቀን አንድም ገጽ አንብባ አታውቅም።

የዛሬው ቅናት እንግዲህ ትናንት የተወለደ አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ገብረአብ የሚባለው የጤና ጣቢያው ነርስ ለቅሶ ደረሰ። ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። ቡና ሲሰጡት በሁለት እጁ ተቀብሎ ፉት ሊል ሲል እትዬ አስካለማርያም ሲስሉ ሰምቶ ቀና አለ።

«እትዬ፣ ጣቢያ ብቅ ይበሉ ብዬዎት አልነበረም?»

«ጉንፋን ነው እባክህ። የሐምሌ ብርድ ነው።»

«ማኅደረማርያምም ጉንፋን ነው ትለኝ ነበር» አለ ገብረአብ። «ዘንድሮ ከዚህ ቀበሌ እሷ አምስተኛዋ ናት። አምስቱም አረቄ አውጪዎች፣ አምስቱም ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ። ሳንባ ምች ይዘው የሚመጡብኝ ሕፃናትም በናታቸው ጀርባ ታዝለው ማድ ቤት የሚውሉት ናቸው። እኔ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ሲማቅቅ እንጂ ሲድን አላየሁም፤ ሳንባ አንዴ ከጠቆረ አይታጠብም።»

«ታዲያ ምን እንሁን? ጭስ የሌለው እሳት አምጣልና!» አሉ እትዬ አስካለማርያም። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ሁለት ሦስት ሴቶች ፈገግ አሉ።

«ቢያንስ መስኮት አውጡለት።»

«ብርዱስ? ብርዱ አይገድልም?»

ገብረአብ ሲኒውን መሬት አስቀመጠ። ፍቅርተ ግን በሆዷ ከገብረአብ ጋር ትስማማ ነበር። እሷም ይህን ታውቃለች፤ እህቷን ከዚያ ጭስ ያወጣቻት እሷ አይደለችም እንዴ? ከሲቲ በፊት፣ መጀመሪያ፣ እሷ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ኅዳር ማኅደረ ሁለት እርምጃ ሄዳ መቆም ስትጀምር ፍቅርተ ደብረ ብርሃን አምጥታ ሐኪም ዘንድ አቀረበቻት። ሐኪሙ የደረቷን ራጅ ካየ በኋላ «ሳንባዋ በጭስ ተጎድቷል። ከእንግዲህ ወዲህ ጭስ ወዳለበት እንዳትደርስ» አለ፤ በአፍ የሚሳብ መድኃኒትም ሰጣት። ፍቅርተ የሰማችው ነገር ግልጽ ነበር፦ አረቄው ይቅር። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነሽ፣ እታለም። ያንን እሳት ዳግመኛ አታዪውም» አለቻት። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። በመጨረሻ እህቷ የብቻዋ ልትሆን ነው። ሲቲ የለች፣ ገበያ የለ፣ እሳት የለ።

ያን ሰሞን ደብረ ብርሃን ውርጭ ወርዶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከየቤቱ የሚወጣው የኩበት ጭስ ከመኪናው አቧራና ከከተማው ዳር ካሉት ፋብሪካዎች ጢስ ጋር ተቀላቅሎ ፀሐይ እስክትወጣ ጣሪያ ላይ ተኝቶ ይቆያል። ፍቅርተ ለእህቷ ያልሆነችው የለም። መስኮቱን በላስቲክ ወጠረችው። የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ጠቀጠቀችው፤ ብርድ አንዲት ቀዳዳ አግኝቶ እንዳይገባ። ማንደጃ ላይ ኩበት አቀጣጥላ አልጋው አጠገብ፣ በእህቷ ትራስ በኩል አስቀመጠችው። ሳሉ ሲብስ ኩበት ጨመረች። በሦስተኛው ቀን ሰዎች «ወይራ ሳሉን ይፈታዋል» ቢሏት የወይራ ፍልጥ ገዝታ፣ እህቷን ብርድ ልብስ አልብሳ አጠነቻት። ማኅደረ ከብርድ ልብሱ ስር ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«እንዴት ነሽ እታለም? ለቀቀሽ?»

«ለቀቀኝ» አለች ማኅደረ። «እጅሽ ይባረክ።»

በአራተኛው ቀን ፍቅርተ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማኅደረ ልብሷን ቋጥራ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። አልዩ አምባ ልትወርድ ነው። ለምን? «ሙቀቱ ይስማማኛል።» ማን ዘንድ? «ሲቲ ዘንድ።» ፍቅርተ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ለመነች፣ ቀጥላ አኮረፈች። «ከሄድሽ እኔ ቆላ ወርጄ አልጠይቅሽም» አለቻት። ማኅደረ ሚኒባሱ እስኪነሣ የእህቷን እጅ ይዛ ቆየች።

ፍቅርተ ቃሏን ጠበቀች። ስምንት ወር ሙሉ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶም ቢሆን፣ አንድ ቀን አልወረደችም። ትደውላለች። ብዙውን ጊዜ የምታነሣው ሲቲ ናት፤ «ተኝታለች፣ ፍቅርተ፣ ቆይተሽ ደውይ» ትላታለች። ማኅደረ ራሷ ስታነሣም «ደህና ነኝ… እመጣለሁ» ብላ ትዘጋለች። ሁለት ቃል! ከሲቲ ጋር ቀኑን ሙሉ ስታወራ የምትውል ሴት ለእህቷ ሁለት ቃል ሰሰተች። ፍቅርተ ይህን እያሰበች ስልኩን ትራስ ላይ የወረወረችባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የመጨረሻው ስልክ የመጣው ደግሞ ካለቀ በኋላ ነው።

በሠልስቱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ ፍቅርተ መቻል አቃታት። እትዬ አስካለማርያም ለሲቲ ትራስ እያመቻቹላት ነበር፤ ይኼ ትራስ ነው የፈነቀላት።

«ሲቲ» አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ «እትዬ ሲቲ» እንጂ ሲቲ ብላት አታውቅም፤ ሰው ሁሉ ዞር አለ። «እህቴን ምን ብለሽ ነው የወሰድሽብኝ?»

«ማን ወሰዳት?» አለች ሲቲ በቀስታ። «ራሷ ናት የመጣች።»

«ለምን?»

«አየሩ ተስማማት።»

«አየሩ! ደብረ ብርሃን አየር የለም? እኔ ስንከባከባት፣ እሳት አጠገቧ አንድጄ ቁጭ ብዬ ሳድር፣ ምን ጎደለባት? ስደውል ‹ተኝታለች› ትይኛለሽ። ስታነሣም ሁለት ቃል ሳትጨርስ ትዘጋለች። አጠገቧ ሆነሽ ‹በቃ ዝጊው› እያልሻት አይደል? ወላሂ በዪ እስቲ፣ አላልኩም በዪ!»

 ሲቲ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሳለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አላህ ያውቃል» ብቻ አለች።

«በቃ ፍቅርተማርያም» አሉ መምሬ ኪዳነወልድ፣ የሟች የነፍስ አባት፣ መስቀላቸውን እንደያዙ። «ሐዘን ነው፣ ክስ አይደለም። አፈሯ ሳይደርቅ?»

ፍቅርተ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። ሲቲ መልስ ባለመስጠቷ ያሸነፈች መስሏት ነበር፤ ግን የሚያስደስት ነገር ውስጧ አላገኘችም።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ጉሙ ከገደሉ ስር ተነሥቶ ወደ ጎረቤላ ወጣ። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ለቀስተኛው ወደየቤቱ ተበተነ። የቆላዎቹ ሴቶችም መኪና እንዳያመልጣቸው ሄዱ፤ ሲቲ ግን ሳምንቱን ልታስፈጽም ቀረች። ከድካሟ ብዛት ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። እትዬ አስካለማርያም በብርዱ ሲንቀጠቀጡ ፍቅርተ ተነሥታ ማንደጃ ላይ ኩበት አቀጣጥላ አስገባች። ቤቱ የእህቷ ነው፣ እንግዳ ማሞቅ የእሷ ፋንታ ነው። ማንደጃውን ፍራሹ አጠገብ አስቀምጣ፣ በሩን ገጥማ፣ ጎንበስ ብላ እፍ አለች። ጭሱ ቤቱን ሞላው። እትዬ አስካለማርያም ሳል ጀመራቸውና ደረታቸውን ይዘው እየተንጠራወዙ ወደ ደጅ ወጡ።

ሲቲ በዚያ ሳል ነቃች። ነቃች ማለትስ አይቻልም፤ ዓይኗ ተከፈተ እንጂ ገና እንቅልፍ ላይ ነበረች። «መጣሁ ማኅደር! መጣሁ፣ መጣሁ፣ ወጣልሽ!» እያለች ብድግ አለች። ማንደጃውን በሻርፗ ጫፍ ጠቅልላ አንሥታ፣ በባዶ እግሯ እየሮጠች ደጅ አውጥታ ጣለችው። ተመልሳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፤ መስኮቱን ገፋችው። ከዚያ ሻርፗን በሁለት እጇ ዘርግታ ወደ ፍራሹ፣ ማንም ወደሌለበት ቦታ፣ አየር ታራግብ ጀመር። «ቀስ ብለሽ ሳቢ። ቀስ… በአፍንጫሽ። አይዞሽ፣ አለሁ።»

እጇ አየር ላይ ቆመ። ባዶውን ፍራሽ አየችው። ፍቅርተን አየቻት።

«ምን ነካሽ?» አለች ፍቅርተ። ድምጿ እንደጠዋቱ አልወጣላትም።

ሲቲ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ያ ረቢ… ያለች መሰለኝ።»

«አንድ ማንደጃ ነው እኮ።»

ሲቲ ሻርፗን ከወለሉ ሰበሰበች።

«አንድ ማንደጃ እንዲህ ያደርጋት ነበር?»

«ማንደጃ?» አለች ሲቲ። «የጎረቤት እሳት እንኳ ነፋስ ወደኛ ካዞረው ከንፈሯ ይጠቁር ነበር። እኛ ምግብ የምናበስለው ከቤት ማዶ፣ ሜዳው ላይ ነው። ስምንት ወር ቤቴ ውስጥ ክብሪት አልተጫረም። ልጆቼ…» አለችና ያወራችው ነገር ገብቷት አፏን በእጇ ያዘች።

ፍቅርተ ግን አስተማሪ ናት፤ የተጀመረ ነገር አይቀርባትም። ላስቲኩ ታያት። ከበሩ ስር የጠቀጠቀችው ጨርቅ ታያት። በትራሱ በኩል ያስጠጋችው ማንደጃ፣ የወይራው ፍልጥ፣ ብርድ ልብሱ፣ አመድ የመሰለው ፊት። «ለቀቀኝ፣ እጅሽ ይባረክ።»

«እኔ ቤት…» አለች።

«ተይው፣ ፍቅርተ።»

«እኔ ቤት አራት ቀን በሩን ዘግቼባት… አጥኛት… ለዚያ ነው የሄደችው?»

ሲቲ አልካደችም።

«ገደልኳት በዪኛ!»

«አልገደልሻትም። ሳንባዋ የሠላሳ ሦስት ዓመት ጭስ ነው የጨረሰው፤ ሐኪሙም ገብረአብም ብለዋል። አራት ቀን ሰው አይገድልም። ግን እዚያ ብትቆይ ቶሎ ትሞት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? ‹አውጪልኝ› ብትለኝ አላወጣውም ነበር? ለምን እንደዚህ አስቀየመችኝ?»

«አስምላኛለች።»

«ሞታለች እኮ፣ ሲቲ። ለማን ነው የምትደብቂላት?»

ሲቲ ሻርፗን ጉልበቷ ላይ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ ደግሞ አጠፈችው። ስትናገር የማኅደረን አነጋገር ይዛ፣ በየመሐሉ እየቆመች ነበር።

«‹ጭስ ነው ካልኳት ፍቅርተ ወደ ኋላ ትቆጥራለች› አለችኝ። ‹የአራቱን ቀን ብቻ አይደለም፣ ሠላሳ ሦስቱንም ዓመት ትቆጥራለች። እኔን ለማሳደግ ነው ሳንባዋን ያነደደችው ትላለች። ተያት፣ ትቀየመኝ። ቂም ይሻላታል› አለችኝ። ይኼው ነው።»

ከደጅ ጉሙ በተከፈተው በር ገብቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ፍቅርተ ብርዱ አልታወቃትም። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ እንኳ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ሌላ አልነበረም፦

«ይኼንንም ላንቺ ነገረችሽ።»

«ለኔ ነገረችኝ» አለች ሲቲ። «ባንቺ ላይ ደግሞ እኔ ስቀና ኖሬያለሁ፤ አታውቂም። በምትደውዪበት ሰዓት ታውቂያለሽ ምን ታደርግ ነበር? ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላ ዝም ትለኛለች። አንዲት ቃል አትናገረኝም። ውሃ ልስጥሽ ስላት በእጇ ትመልሰኛለች። ትንፋሽ እያጠራቀመች ነው እኮ! ላንቺ ሁለት ቃል ሳትስል ለማለት። ያልቻለች ቀን ‹ተኝታለች በያት› ትለኛለች፤ እላለሁ። ስልኩን ስትዘጋ ደግሞ ላቡ ይንቆረቆራል። ለእኔ ያልተጠራቀመው ትንፋሽ ነበር የሚወጣው፣ እንዳገኘች።»

ፍቅርተ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እስካሁን ሰው ፊት ያለቀሰችው ሁሉ ለካ ለቅሶ አልነበረም። ስትወረውረው የነበረው ስልክ፣ የጠበቀችው ቃል፣ ከጎረቤላ ወዲያ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ብቻ የሆነው መንገድ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተነሣባት። ሲቲ አልከለከለቻትም፤ «አይዞሽ»ም አላለቻትም። እስኪወጣላት ተቀምጣ ጠበቀቻት።

ቆይታ ፍቅርተ ዓይኗን ጠረገች።

«እትዬ ሲቲ።»

«አቤት።»

«ሌሊት እንዴት ነበር የምትተኛው? ኋላ፣ መጨረሻ ላይ?»

«መተኛት የት ችላ! ጋደም ስትል ትታፈናለች። ትራስ ብንደራርብ ይንሸራተታል፣ ግድግዳው ይቀዘቅዛታል። መጨረሻ ላይ ጀርባ ለጀርባ ሆነን ነበር የምናድረው። እኔ ቁጭ እላለሁ፣ እሷ ትደገፈኛለች። እንቅልፍ ከወሰዳት በትንፋሿ አውቃለሁ። ሦስት ወር እንዲህ አደርን። የሞተችም እንዲሁ እንዳለን ነው። ፊቷን አላየሁም። ትንፋሿ ጀርባዬ ላይ ቆመብኝ።»

ፍቅርተ የሲቲን ጀርባ አየችው። ሰፊ ነው፤ ጭነት የለመደ የገበያ ሴት ጀርባ። ቅናቱ ለመጨረሻ ጊዜ ውስጧ ተነሣ፤ በዚህ ዓለም ላይ እህቷን የሚያውቅ፣ እሷ የማታውቀው አንድ ቦታ ይኸው ከፊቷ ተቀምጧል። ቀረበች። ሳትናገር ዞራ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ቀስ ብላ ጀርባዋን ለቀቀችው። የሲቲ ጀርባ ተቀበላት። ይሞቃል፤ ሲተነፍስም ይገፋታል።



«ትንሽ ዝቅ በይ» አለች ሲቲ ፊቷን ሳታዞር። «እሷ ካንቺ አጠር ትል ነበር።»

ፍቅርተ ዝቅ አለች።